ዌልስ ለደረሳችሁ፦ 2024ን በአደባባይ ያሳለፍኩበት ዓመት

"ከዚያ መቼ ነው የምትወጪው?" ለንደን ያሉ ዘመዶቼ በደወሉ ቁጥር የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ለእነሱ ዌልስ ወረቀት እስኪመጣ የሚቆዩበት ቦታ ነው። አልፈርድባቸውም። ሆም ኦፊስ (የስደተኛውን ጉዳይ የሚይዘው የብሪታንያ መሥሪያ ቤት) ቤት ሲመድብ ሰው የሚጠብቀው ለንደንን ወይም ማንቸስተርን ነው፤ የሚደርሰው ግን ካርዲፍ፣ ኒውፖርት፣ ስዋንሲ ወይም ሬክሰም ሊሆን ይችላል። እኔም በዚሁ መንገድ ነው ካርዲፍ የገባሁት። ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላ ግን ሻንጣዬን አላነሳሁም። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዝኩ፣ ልጄም ትምህርት ቤቷን ወደደችው፣ 2024ንም ከጫፍ እስከ ጫፍ እዚሁ አሳለፍን። ይህን የምጽፈው አሁን እየደረሳችሁ ላላችሁ ነው። ቀኖቹን በፈረንጅ ያስቀመጥኩትም እንዳያምታታችሁ ብዬ ነው።

እዚህ ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ብሎ በር አያንኳኳም። ተጫዋቾች ናቸው፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሹፌሩን ሳያመሰግኑ አይሄዱም፣ ወረፋ ላይ የማያውቁትን ሰው ያስቃሉ። ቤታቸው ግን ቶሎ አይጠሩም። ሰዉን የምታገኙት አደባባይ ላይ ነው፦ በጨዋታው፣ በመዝሙሩ፣ በግጥሙ፣ በምርጫው፣ በሐዘኑም ጭምር። አብዛኛው ደግሞ ነፃ ነው። እኔ አገሩን የለመድኩት የዓመቱን ድግስና ሐዘን እግር በእግር እየተከተልኩ ነው፤ ቤት ተዘግቶ ዩቲዩብ ከማየት ይሻላል።

ሲጀመር ዌልስን እንግሊዝ አትበሉ። በቀልድም አይወዱትም። ነገሩ ደግሞ የስሜት ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ነው። ስደተኝነት፣ ፖሊስና አብዛኛው ቤኔፊት (የመንግሥት ድጎማ) በለንደን እጅ ነው፤ ጤናና ትምህርት ግን የካርዲፉ የዌልስ መንግሥት ሥራ ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት እዚህ ከ2007 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ነው። ብሪስቶል ያለች ጓደኛዬ፣ በባቡር ከእኔ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ሆና፣ ሥራ ስላላት ለአንዱ መድኃኒት 9 ፓውንድ ከ90 ትከፍላለች። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ምሳም በነፃ ነው። መኪና የምትነዱ ካላችሁ ደግሞ፣ ከሴፕቴምበር 2023 ወዲህ ቤቶች ባሉበትና የመንገድ መብራት በተተከለበት አብዛኛው መንገድ ላይ ወሰኑ በሰዓት 20 ማይል ነው። በእንግሊዝ ያው መንገድ 30 ነው። ሕጉን በመቃወም ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ፈርሟል፤ አንዳንድ መንገዶችም ወደ 30 እንዲመለሱ ተወስኗል። ካሜራው ግን የእናንተን አስተያየት አይጠይቅም።

ጃንዋሪ ይጨልማል። በእኛ ሰዓት ከቀኑ አስር ተኩል ሳይሆን መብራት ይበራል። ያን ጊዜ ነው ፔምብሮክሺር የተወለደች የሥራ ባልደረባዬ በጉዋን ሸለቆ ዛሬም አዲስ ዓመት የሚከበረው ጃንዋሪ 13 እንደሆነ የነገረችኝ። ብሪታንያ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር የሸለቆው ሰዎች የድሮውን አልለቅ ብለው ይኸው እስከ ዛሬ ይዘውታል። ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፣ ከረሜላና ሳንቲም ይሰጣቸዋል። እኔም የእኛን አቆጣጠርና አበባየሆሽን ነገርኳት። "አንቺም የድሮውን የያዝሽ ነሽ ማለት ነው" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

ፌብሩዋሪ ሲገባ ራግቢ አገሩን ያዘው። የስድስቱ አገሮች ውድድር ሲደርስ የካርዲፍ መሃል ይዘጋል፤ ወደ 74,000 ሰው የሚይዘው ስታዲየም የቆመው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። የቅዳሜ ሽፍት ያላችሁ የጨዋታውን ቀን አስቀድማችሁ እዩ፣ አውቶቡስ መንገዱን ይቀይራል፣ ማታ ባቡር ለመሳፈር የሚሰለፈው ሰው ጉድ ነው። ትኬቱ ውድ ስለሆነ እኔ ያየሁት ከአረጋውያኑ ጋር በቴሌቪዥን ነው። ለጀማሪ ይህን ማወቅ ይበቃል፦ ኳሱን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፣ ከመስመሩ አልፎ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ ያገኛል። ሌላውን ዳኛውም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ዓመቱ ግን የሽንፈት ዓመት ነበር። ገና በጃንዋሪ፣ በ1970ዎቹ ዌልስን ካስከበሩት አንዱ፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪምም የነበረው ጄ.ፒ.አር. ዊሊያምስ አረፈ። ፌብሩዋሪ 3 ዌልስ ካርዲፍ ላይ በስኮትላንድ 27 ለ 0 ከተመራች በኋላ ነጥብ በነጥብ እየተከተለች መጥታ 27 ለ 26 ተሸነፈች። በማግስቱ ደግሞ የዚያው ዘመን ጀግና ባሪ ጆን ሞተ። መጦሪያው ውስጥ ያሉት አዛውንቶች የቤተሰብ መርዶ የሰሙ ነበር የሚመስሉት። ማርች ላይ ጣሊያን ካርዲፍ መጥታ አሸነፈች፤ ዌልስ አምስቱንም ተሸንፋ ከ2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻ ወጣች። ከዚያ ወዲያም እስከ ዲሴምበር ከሌላ አገር ብሔራዊ ቡድን ጋር ገጥማ አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ዓመቱ አለቀ። እኔ ግን ከሰዉ ጋር የተግባባሁት በዚህ ነው። አሸናፊ ሰው ወሬውን ከራሱ ወገን ጋር ነው የሚያወራው፤ የተሸነፈ ማንም ቢያጽናናው ደስ ይለዋል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገብቶ "አይተሃል ያንን ነገር?" ማለት ብቻ ይበቃል፣ ቀሪውን ሻይ እስኪቀዘቅዝ እነሱ ይነግሯችኋል።

ማርች 1 የአገሩ ጠባቂ ቅዱስ ዳዊት የሚታሰብበት ቀን ነው። ሥራ አይዘጋም። ሕፃናት ባህላዊ ልብስ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ሰዉም ቢጫውን የዳፎዲል አበባ ደረቱ ላይ ይሰካል። አበባው ርካሽ ነው፣ ሰክታችሁ ውጡ።

አረጋውያን ቤት መሥራት ያለው ጥቅም ታሪኩን ከባለቤቱ መስማት ነው። ከሰል ይወጣባቸው ከነበሩት የደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች የመጡ አንድ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ሠራተኛ አሉ፣ በልቤ አባባ ነው የምላቸው። በ2024 ማርች የታላቁ የማዕድን ሠራተኞች አድማ 40 ዓመት ሞላው፤ ከማርች 1984 እስከ ማርች 1985 የቆየው ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ የድሮ ፊልም ሲያሳይ አባባ ያን ክረምት ያለ ደሞዝ፣ ማኅበረሰቡ ባዋጣው ምግብ ልጆቻቸውን እንዳሳደሩ አጫወቱኝ። ቀጥለውም "ያኔ ለእናንተም አገር ሳንቲም እናዋጣ ነበር" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ኢትዮጵያ ሲባል የ77ቱን ድርቅ ሲያነሳብኝ ይሰለቸኛል። የእሳቸው ግን ሌላ ነው። ራሳቸው በሰው እጅ እየበሉ የሰጡት ነው።

እሳቸው ዘንድ ሌላም ያየሁት ነገር አለ፤ ከአዛውንት ጋር የምትሠሩ ሁሉ ልታውቁት ይገባል። ኦክቶበር 21፣ 1966 ጠዋት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አበርፋን በምትባል መንደር ከተራራው ላይ የተከመረው የከሰል ጥራጊ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ዋጠው። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች አለቁ። ክምሩ የቆመው ምንጭ ላይ ነበር፤ መርማሪ ጉባኤውም ጥፋቱን ማዕድኑን በሚያስተዳድረው የመንግሥት የከሰል ቦርድ ላይ ነው የጣለው። አባባ ያኔ ወጣት ነበሩ፣ አካፋቸውን ይዘው ሮጠው ከቆፈሩት አንዱ ናቸው። በየዓመቱ በዚያ ጠዋት ቁርስ አይበሉም፣ አያወሩምም። አዲስ የገባ ሠራተኛ "ምን ሆኑ?" እያለ ሲያስቸግራቸው ወደ ጎን ጠርቼ የነገርኩት እኔ፣ ከኢትዮጵያ የመጣሁት ሆንኩ። ምንም አታድርጉ፣ ሻዩን አስቀምጡና አጠገባቸው ተቀመጡ። ማዕድን ምን እንደሆነ ማየት ለሚፈልግ ብላናቮን ያለው ቢግ ፒት የሚባለው ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። 90 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ይዘዋችሁ ይወርዳሉ፤ በጋዙ ምክንያት ስልክና ባትሪ ያለው ነገር ሁሉ ላይ ቤት ተሰብስቦ ይቀራል።

አሁን ወደ አይስቴድቮድ ልምጣ። ከዓመቱ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው እሱን ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ፈጽሞ አያውቀውም። በኦገስት መጀመሪያ ሳምንት አንድ ዓመት በሰሜን አንድ ዓመት በደቡብ የሚደረግ የግጥም፣ የመዝሙር፣ የትያትርና የጭፈራ ውድድር ነው። በ2024 ተራው የደቡብ ሆኖ ከኦገስት 3 እስከ 10 ፖንቲፕሪድ ላይ ተደረገ። ከካርዲፍ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ገጠር ሜዳ ላይ ነበር የሚተከለው፤ በ2024 ግን ከተማው መሃል፣ ወንዙ ዳር ያለው መናፈሻ ውስጥ ሆነ። የዌልስ ብሔራዊ መዝሙር በ1856 የተደረሰው እዚያው ከተማ፣ በአባትና በልጅ ነው፤ መናፈሻው ውስጥ ሐውልት አላቸው።

ሁሉም ነገር በዌልስኛ ነው። አትፍሩ፣ በእንግሊዝኛ እየተረጎመ የሚያሰማ የጆሮ ማዳመጫ በነፃ ይሰጣል። እኔ ለስደተኞች በነፃ በሚሰጥ የጀማሪዎች ክፍል ሰላምታና ምስጋና ለምጄ ነበር፤ "ሹማይ" ስላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ ልነግራችሁ አልችልም። አይ ይሄ ለእኛ አይሆንም ለምትሉ ደግሞ፣ ከአይቮሪ ኮስት ጥገኝነት ጠይቆ የመጣው ጆሴፍ ኛግቦ ቋንቋውን ተምሮ በ2023 ለዌልስኛ መብት የሚታገለው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኗል። በ2021ዱ ቆጠራ መሠረት ቋንቋውን የሚናገረው 538,000 ሰው ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሰው ሲያገኙ ይቆጥሩታል።

አርብ ዕለት የወንበሩ ሥነ ሥርዓት ነው። ለዚያ ዓመት ግጥም ተብሎ የተሠራ የእንጨት ወንበር መድረኩ ላይ ይቆማል። ገጣሚዎቹ የሚወዳደሩት በሐሰት ስም ስለሆነ ማን እንዳሸነፈ አዳራሹ አያውቅም። የዳኞች ንባብ ካለቀ በኋላ መለከት ይነፋና አሸናፊው ከሕዝቡ መሃል ካለበት ይነሣል፤ መብራት እየዞረ ይፈልገዋል። ካባ የለበሱት ሊቃውንት መሃል ያሉት ዋና መሪ ትልቁን ሰይፍ ከሰገባው ገፋ እያስደረጉ "ሰላም ነው ወይ?" ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ "ሰላም!" ይላል። በ2024 መሪዋ ሜረሪድ ሆፕዉድ ነበሩ፤ በ2001 ወንበሩን ያሸነፉት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የተነሣው ካርዊን ኤክሊ የሚባል ወጣት ነው። ብቁ ግጥም ካልተገኘ ወንበሩ ላይ ማንም ሳይቀመጥ ይቀራል። በ1917 ደግሞ ሄድ ዊን የተባለው አሸናፊ ስሙ ሲጠራ ጦር ሜዳ ላይ ከሞተ ሳምንታት ሆኖት ነበርና ወንበሩን ጥቁር ጨርቅ አለበሱት።

የግጥሙ ሕግ ጥብቅ ነው። ከዋነኞቹ ዓይነቶች በአንዱ፣ በአንድ ስንኝ ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ተነባቢ ድምፆች በሁለተኛው ክፍል በቅደም ተከተል መመለስ አለባቸው፣ ቤት መምታቱ ሌላ ነው። የጎጃም ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ተማሪው ዘጠኝ ጊዜ ሰርዞ አሥረኛውን ለመምህሩ እንደሚቆጥረው ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ይህን ስነግራቸው ማዳመጫቸውን አውርደው እስኪበቃን አወራን። ለምትሄዱ፦ የመግቢያው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ለአካባቢው ነዋሪ ነፃ ትኬት እንዳለ ካውንስላችሁን ጠይቁ፣ ፖንቲፕሪድ ላይ ነበር። የሜዳው ምግብ ውድ ስለሆነ ስንቅ ያዙ። ጭቃ የሚችል ጫማም።

ፖለቲካውም በዚያው ዓመት ተገለባበጠ። ማርች 20 በዛምቢያዋ ሉሳካ የተወለደው ቮን ጌቲንግ የዌልስ መንግሥት መሪ (ፈርስት ሚኒስትር) ሆነ፤ በአውሮፓ አገር መንግሥት የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ልጄ የዚያን ዕለት ስልኳ ላይ ፎቶውን አስቀመጠች። ብዙም አልቆየ። ለፓርቲው መሪነት ሲወዳደር በተቀበለው 200,000 ፓውንድ ስጦታ የተነሣ ጭቅጭቅ በዛ፣ በጁን የመተማመኛ ድምፅ 29 ለ 27 ተሸነፈ፣ ጁላይ 16 አራት የመንግሥቱ ባልደረቦች በአንድ ቀን ሲለቁ እሱም እንደሚለቅ አስታወቀ። ፎቶው ግን ከልጄ ስልክ አልወረደም። ኦገስት 6፣ አይስቴድቮዱ በመካሄድ ላይ እያለ፣ ኤሉኔድ ሞርጋን ተተካች፤ በሥልጣኑ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሴኔድ የሚባለው ምክር ቤት ካርዲፍ ቤይ ነው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስብሰባውን ከላይ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጦ ማየት ነፃ ነው። በር ላይ እንደ አየር ማረፊያ ይፈትሹና ያስገቧችኋል። ወረቀት አይጠይቁም፤ ይህን የምለው የሚሰጉ ስለማውቅ ነው።

ስለ ሥራ፦ ሴፕቴምበር 30 ፖርት ታልቦት ያለው የብረት ፋብሪካ የመጨረሻው ትልቅ ማቅለጫ እቶን ጠፋ። በኤሌክትሪክ በሚሠራ እቶን ሊተካ ነው፤ እስከዚያው ግን ወደ 2,800 የሥራ ቦታ እንደሚታጠፍ ኩባንያው አስታውቆ ነበር። ስዋንሲና ፖርት ታልቦት አካባቢ ያላችሁ ፋብሪካ ሥራ ስትፈልጉ ይህን ግምት ውስጥ አስገቡ፤ ከሃያ ዓመት ልምድ ጋር የወጣ ሰው አብሯችሁ ይሰለፋል።

ኖቬምበር 24 በርት የሚባለው አውሎ ነፋስ ባወረደው ዝናብ የፖንቲፕሪድ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። በኦገስት ግጥም የሰማንበት ከተማ ሱቅና ቤቱ ጭቃ ሞላ፤ በ2020ም ደርሶባቸዋል። ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር መጥረጊያና ሻይ ይዘን ሄድን። ማንም "እናንተ እነማን ናችሁ?" አላለንም፣ "ያንን ምንጣፍ ያዝ" ብቻ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ዳራህ የሚባለው ሌላ አውሎ ነፋስ መጣ። ዲሴምበር 6 ምሽት የሁላችንም ስልክ ባንዴ እንደ ሳይረን ጮኸ፤ የመንግሥት የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነበር፣ በዌልስና በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ደርሶታል። እኛ ቤት የምትኖር ከጦርነት የመጣች እህት አልጋ ሥር ገባች። ስለዚህ አስቀድማችሁ እወቁት፦ ድምፁ ስልኩ በዝምታ ላይ ቢሆንም ይጮኻል፣ መልእክቱን አንብቡና ያለውን አድርጉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ከቤት አትውጡ ነው።

በዚያው ሳምንት ደስታም ነበር። ዲሴምበር 3 የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ደብሊን ላይ አየርላንድን 2 ለ 1 አሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር፣ ለ2025ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አለፈ። ልጄና ጓደኞቿ ሳሎኑን ገለባበጡት። ወንዶቹ በማርች በፖላንድ በፍጹም ቅጣት ምት ተረትተው ከአውሮፓ ዋንጫ ስለቀሩ ደስታው የሴቶቹ ብቻ ነበር።

ሯጭ ነሽ ወይ የሚለውን ጥያቄ ማምለጥ አይቻልም፤ ኢትዮጵያዊት ነኝ ካላችሁ ይመጣል። እኔ ሩጫ አልችልም፤ ቅዳሜ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በየመናፈሻው የሚደረገው ነፃው የአምስት ኪሎ ሜትር ፓርክረን ግን መራመድም ይፈቀድበታል። በኢንተርኔት ተመዝግቦ ባርኮድ መያዝ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ካፌ ይገባሉ፣ እዚያ ነው ሰው የምታውቁት።

የመጨረሻው ነገር ምርጫ ነው፣ ብዙ ሰው ስለሚያልፈው። ጁላይ 4 በተደረገው የብሪታንያ ምርጫ እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ ለዌስትሚኒስተር የሚመርጡት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ ዜጎች ናቸው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ውስጡ የለችም። ለሴኔድና ለካውንስል ግን ዌልስ በሕግ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው የውጭ ዜጋ ሁሉ መብቱን ሰጥታለች፤ ሴኔድን ከ2021 ጀምሮ መምረጥ ይቻላል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ገና ውሳኔ የምትጠብቁ አትችሉም፣ ወረቀት ያላችሁ ግን ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርና አድራሻ ነው፣ በኢንተርኔት በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ለዌስትሚኒስተር ምርጫ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለሴኔድና ለካውንስል አይጠየቅም። ይህን ስጽፍ የሚቀጥለው የሴኔድ ምርጫ የተቀጠረው ለሜይ 2026 ነው፤ በ2024 በወጣው ሕግ መሠረት በዚያ ምርጫ ወንበሮቹ ከ60 ወደ 96 ያድጋሉ። የመምረጫ ዕድሜው 16 ነው፣ መመዝገብ ግን ከ14 ይጀምራል። እኔና ልጄ በአንድ ማታ ሞላነው። እስከዚያ 16 ይሞላታል፤ ለማን እንደምትሰጥ ብጠይቃት "ሚስጥር ነው፣ ሕጉን አንብቢ" አለችኝ።